ከመኪና ግርግር እስከ ፈላና በር፦ ዘይቤና የሥነ ጽሑፍ ዓይነቶች በሐረር

ሐረር ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊ ነው። ስሙን ያወጣለት የስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ድምፅን በቃል መቅዳት በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ራሱን የቻለ ዘዴ ነው። ሐረሮች ክፍል ሳይገቡ መንገድ ሰይመውበታል።

ዘይቤ ማለት ይኸው ነው፤ ቃልን ከለመደው ሥራ አውጥቶ ሌላ ማሠራት። ዓይነቱ ብዙ ነው። «ድሬ እንደ ገነት ናት» ያለ ሰው በተነጻጻሪ ዘይቤ ተናገረ፤ «እንደ» የምትለዋ ታሳብቅበታለች። «ድሬ የበረሃ ገነት» ሲል «እንደ» ቀረች፣ ነገሩም ተለዋጭ ዘይቤ ሆነ። «አቦ፣ አስፋልቱ ዕንቁላል ይጠብሳል!» ካለ ደግሞ ግነት ነው። በሚያዝያ ድሬዳዋ ለወረደ ሰው ግን ግነት መሆኑን ማስረዳት ይከብዳል። «ጀጎል ሲመሽ በሯን ዘግታ ትተኛ ነበር» ማለት ሰውኛ ነው፤ የሐረርን ጥንታዊ ግንብ ሰው አደረግነው።

የአማርኛ አንባቢን ልብ የሚይዘው ግን ሰምና ወርቅ ነው። ስሙ የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። በሰም ቅርጽ ላይ ጭቃ ይለበጣል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ ቦታውን ይይዛል። በግጥምም ላይ ላዩን የሚሰማው ሰም፣ ሥሩ ያለው ወርቅ ነው። ሁለቱን የምትሸከመው ቃል ኅብረ ቃል ትባላለች።

ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አሏት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር እና ፈላና በር። የመጨረሻው ስም ለቅኔ የተፈጠረ ይመስላል። እስቲ ልሞክረው፦

በየት ልግባ ብዬ ብጠይቃት ገና፣
ቡናዋን አፍልታ አለችኝ ፈላና።

ሰሙ «ቡናው ፈልቷል፣ ና» ነው። ወርቁ «በፈላና በር ግባ» ነው። ኅብረ ቃሉ ራሱ «ፈላና»። እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም (የቃል ድምፅ ክፍል) ሆኖ መሐል ላይ ይከፈላል። ይህ የወል ቤት የሚባለው፣ በአማርኛ ግጥም በጣም የተለመደው ምት ነው። አምስት አምስት ቢሆን ሰንጎ መገን ይባል ነበር። «ገና» እዚያ ምን ትሠራለች? ቤት ለመድፋት ነው የገባችው፤ ጎበዝ ገጣሚ እንዲህ አያደርግም።

ወደ ዓይነቶቹ ስንመጣ፣ ትልቁ ክፍፍል በቃል የሚነገረውና የሚጻፈው ነው። ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ እንቆቅልሽና ቃል ግጥም ሥነ ቃል ናቸው። ሐረር ላይ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው ዚክሪ ነው፤ በከበሮ የሚዜም መንፈሳዊ ግጥም። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ዚክሪ ግን በቃል ብቻ የቀረ አይደለም። ሐረሪዎች ቋንቋቸውን በዓረብኛ ፊደል ይጽፉ ስለነበር ወረቀት ላይም ሰፍሯል። ከተማዋ በመጽሐፍ ድጉሰትም (በጥረዛ ጥበብ) የታወቀች ነበረች። በሸሪፍ ሙዚየም ያሉትን በእጅ የተጻፉ ጥራዞች ያየ ሰው ሥነ ቃልና ጽሑፍ እዚህ ጎረቤት እንደነበሩ ይገባዋል።

ልቦለድ ከልብ የተወለደ ነው፣ ስሙ ይናገራል። የሚቆመው በሴራ (በታሪኩ የድርጊት ሰንሰለት)፣ በገጸ ባሕርይና በመቼት ነው። መቼት የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ፤ «መቼ» እና «የት» ተጣብቀው ነው የወለዷት። ተውኔት ደግሞ በመድረክ ላይ በንግግርና በድርጊት ይኖራል። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሐረር፣ በራስ መኮንን ቤት ኖረዋል። እንስሳትን እያናገሩ ሹማምንቱን ስለነኩ ተውኔቱ ታገደ። ሰውኛ ዘይቤ ሁልጊዜ የዋህ አይደለም ማለት ነው።

ምጸት (የሚባለውና እውነቱ ሲቃረኑ) የሚለውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ምሳሌው እዚያው ጀጎል ስላለ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ነው። ያኔ ግጥም ትቶ ዓመታት አልፈዋል። ከዚህ የጻፈው ደብዳቤና በ1884 ፓሪስ የታተመ ስለ ኦጋዴን የሚያወራ ዘገባ ነው፤ ኢ-ልቦለድ። በስሙ የሚጠራው ያማረ ቤትም እሱ የኖረበት አይደለም፤ ኋላ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ጎብኚው ግን የገጣሚውን ቤት ለማየት ትኬት ቆርጦ ይገባል።