የጦር ኃይሎች ቀን ምንድን ነው? ሜሞሪያል ዴይስ?

ሜይ በገባ ቁጥር አሜሪካ ያለው ወገናችን የደንብ ልብስ የለበሰ የዘመድ ልጅ ፎቶ ይለጥፍና ከሥሩ «እንኳን ለሜሞሪያል ዴይ አደረሰህ፣ ኩራታችን!» ይላል። ልጁ ደህና ነው፤ ካምፑ ውስጥ ምሳውን እየበላ ይሆናል። ሜሞሪያል ዴይ ግን በአገልግሎት ላይ እያሉ የሞቱ ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ይህን ለማረም የሞከረ ሰው «ዋናው ማመስገኑ ነው፣ ቀኑ ምን ያደርጋል?» የሚል መልስ አያጣም። ቀኑማ ብዙ ያደርጋል።

አሁን በአገልግሎት ላይ ላሉት የተመደበው የጦር ኃይሎች ቀን ነው፤ የሜይ ወር ሦስተኛው ቅዳሜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 7 እስከ 13 ባለው ውስጥ። ሜሞሪያል ዴይ የዚያው ወር የመጨረሻ ሰኞ ነው። ቬተራንስ ዴይ ደግሞ አገልግለው የተሰናበቱት ቀን ሲሆን ኖቬምበር 11 ይውላል። የሜይዎቹን ሁለቱን የሚለያቸው ብዙ ጊዜ 9 ቀን ብቻ ስለሆነ መምታታቱ አይገርምም። ለእረፍት የሚዘጋው ሰኞው ነው፤ ቅዳሜው ሳይታወቅ ያልፋል፣ ምስጋናውም ተጠራቅሞ ሰኞው ላይ ይወድቃል።

ነገሩን በእኛ ወግ ብናየው፣ የጦር ኃይሎች ቀን ሥራ ላይ ላለ ሰው የሚደረግ ግብዣ ነው፤ ቬተራንስ ዴይ የመሸኛ ድግስ፤ ሜሞሪያል ዴይ ተዝካር። ተዝካር ላይ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጨዋታም ይኖራል። ስለዚህ አሜሪካኖቹ የዚያን ዕለት ግቢያቸው ውስጥ ሥጋ መጥበሳቸው ነውር የለበትም። ነውሩ ከእንግዶቹ አንዱን አስነስቶ «ለዚህ ቀን እንኳን አበቃህ» ብሎ ማስጨብጨቡ ነው። የተነሳው ሰው አንገቱን ይደፋል፤ የሚታሰበው የገዛ ጓዱ ሊሆን ይችላልና። ምሳሌው የሚያነክሰው መሸኛው ላይ ነው። ቬተራን ለመባል ጡረታ መውጣት አያስፈልግም። የውትድርና ጡረታ በመደበኛው 20 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል፤ አራት ዓመት አገልግሎ በደህና የተሰናበተ የ23 ዓመት ወጣትም ቬተራን ነው። ማስረጃው ሲሰናበት የሚሰጠው ዲዲ 214 የተባለው ወረቀት ነው። አንድ ጊዜ ተሰናብቶ ተመልሶ የገባ ሰው ደግሞ ቬተራንም በአገልግሎት ላይ ያለም ሊሆን ይችላል፤ እሱን በሁለቱም ቀን ብታመሰግኑት ስህተት የለውም።

የጦር ኃይሎች ቀን አመጣጥ ከጦር ሜዳ ይልቅ ከቢሮ ጋር የተያያዘ ነው። ቀድሞ ምድር ጦሩ ኤፕሪል 6፣ ባሕር ኃይሉ ኦክቶበር 27 እያሉ በየፊናቸው ያከብሩ ነበር። ኃይሎቹ በአንድ መከላከያ መሥሪያ ቤት ሥር ሲጠቃለሉ፣ ሚኒስትሩ ሉዊስ ጆንሰን ኦገስት 31 ቀን 1949 የጋራ ቀን መቆረጡን አስታወቁ፤ ሜይ 20 ቀን 1950 ለመጀመሪያ ጊዜ ተከበረ። የየኃይሉ የልደት ቀን ግን አሁንም አለ። የማሪኖች (የባሕር እግረኛ ጦሩ) ልደት ኖቬምበር 10፣ ማለትም የቬተራንስ ዴይ ዋዜማ መሆኑ ሌላው የግርታ ምንጭ ነው።

«ታዲያ ለምን ሥራ አይዘጋም?» ለሚለው፣ በፌዴራል ሕግ ከተዘረዘሩት የእረፍት ቀኖች ውስጥ ስለሌለ ነው። ሜሞሪያል ዴይና ቬተራንስ ዴይ ግን አሉ። ኖቬምበር 11 ቅዳሜ ሲውል፣ ለምሳሌ በ2028፣ አብዛኛው የፌዴራል ሠራተኛ ዓርብን ያርፋል። የግል ድርጅት በሁለቱም ቀን የመዝጋት የፌዴራል ግዴታ የለበትም።

ልዩነቱ በዓይን የሚታየው ሰንደቅ ዓላማው ላይ ነው። በሜሞሪያል ዴይ ጠዋት መጀመሪያ በፍጥነት እስከ ምሰሶው ጫፍ ይወጣል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ግማሽ ይወርዳል። እኩለ ቀን ላይ ተመልሶ ጫፍ ይደርስና እስከ ፀሐይ መጥለቂያ እዚያው ይውላል። ብዙ ማኅበራት የሚሳሳቱት ከታች አንስተው ግማሽ ላይ በማቆማቸው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ዝቅ አድርገው የሚተዉትም አሉ። በጦር ኃይሎች ቀን ግን ከጠዋት ጀምሮ ጫፍ ላይ ነው። ሕጉ እዚህ ላይ ጥንቅቅ ያለ ነው፦ ሜይ 15 ለሞቱ ፖሊሶች መታሰቢያ ባንዲራ ዝቅ ይላል፤ ያ ቀን ከጦር ኃይሎች ቀን ጋር ከገጠመ ግን አይወርድም። በ2021 ገጥሞ ነበር፣ በ2027ም ይገጥማል። ቀኑ ምንም እንደማያደርግ የጻፈው ሰው ይቺን አንቀጽ ቢያያት ደስ ይለኛል።

ቤተ ክርስቲያን ወይም ማኅበር ውስጥ ምስጋና ለማዘጋጀት ያሰበ፣ ቅዳሜውን ወይም ማግስቱን እሑድ ይምረጥ። የየኃይሉን ባንዲራ ለሚደረድር ቅደም ተከተሉ ምድር ጦር፣ ማሪን፣ ባሕር ኃይል፣ አየር ኃይል፣ የጠፈር ኃይል፣ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ነው። የመጨረሻው በሰላም ጊዜ መከላከያ ሥር ስላልሆነ ብዙዎች ይረሱታል፤ ያም ሆኖ ከጦር ኃይሎቹ አንዱ ነው። በጦርነት ጊዜ ባሕር ኃይል ሥር ሲገባ ደግሞ ቦታው ከባሕር ኃይል ቀጥሎ ይሆናል። ተጋባዦቹ የናሽናል ጋርድ ወይም የተጠባባቂ ጦር አባላት ከሆኑ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ወርኃዊ ሥልጠናቸው ቅዳሜና እሑድ ላይ ስለሚውል፣ ክፍሎቻቸው በዓሉን በሌላ የሜይ ቀን እንዲያከብሩ ተፈቅዶላቸዋል።