ወረርሽኝ በተሳሰሩ ማኅበረሰቦች መካከል፦ ሒሳባዊው ሞዴልና የአዲስ አበባ ዳርቻ

የወረርሽኝ ሒሳባዊ ሞዴል በሽታ ከሰው ወደ ሰው የሚዛመትበትን ፍጥነትና መጠን በእኩልታዎች የሚገልጽ የጥናት መስክ ነው። ተመራማሪዎቹ ከርማክና ማኬንድሪክ በ1927 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ ዛሬም መነሻው ሲሆን፣ ሕዝቡን ተጋላጭ፣ አስተላላፊና ያገገመ ብሎ በሦስት ይከፍላል። ሁሉም ሰው ተጋላጭ በሆነበት ማኅበረሰብ አንድ ታማሚ በአማካይ ለስንት ሰው እንደሚያስተላልፍ የሚገልጸው ቁጥር ከ1 ከበለጠ ወረርሽኙ ይስፋፋል፤ ካነሰ ይከስማል። ለኩፍኝ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 እንደሚደርስ ይገመታል።

ቀላሉ ሞዴል ማንም ሰው ከማንም ጋር እኩል የመገናኘት ዕድል አለው ብሎ ስለሚነሣ ለአዲስ አበባ ዳርቻ አይበቃም። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ በ2015 ዓ.ም. በተዋቀረችው ሸገር ከተማ ሥር ሆነው በኦሮሚያ ክልል ይተዳደራሉ፤ ከነዋሪዎቻቸው ብዙዎቹ ግን ማለዳ በሚኒባስ ታክሲ ተጠጋግተው ወደ መርካቶና ወደ ሌሎች የሥራ ሰፈሮች ይገባሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። ስለዚህ የተሻለው ሞዴል አንድን ሰው በሚያድርበትም በሚውልበትም ቦታ ይመዘግበዋል። ለኑሮ የመጣ ሰው በሽታ ይዞ ቢገባ የሚያስገባው አንድ ጊዜ ነው፤ ተመላላሹ ግን የገበያውን ሕዝብና የቤቱን ሰው በየቀኑ ያገናኛል።

የዚህን ትስስር ክብደት በሁለት ከተሞች ማየት ይቻላል፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ናቸው። በእያንዳንዱ ከተማ 100 ታማሚዎች ቢኖሩና በገዛ ከተማቸው ለ80 ሰዎች ብቻ ቢያስተላልፉ፣ ከተሞቹ ባይገናኙ ኖሮ በሽታው በሁለቱም ይጠፋ ነበር። ሆኖም የየከተማው ታማሚዎች በሌላኛው ከተማ ለ30 ሰዎች ጭምር ካስተላለፉ፣ በቀጣዩ ዙር በእያንዳንዱ ከተማ 110፣ ከዚያም 121 ታማሚዎች ይኖራሉ። ወረርሽኙ የሁለቱ ከተሞች ግንኙነት ውጤት ስለሆነ አንዱን ለብቻው የመረመረ ባለሙያ ምክንያቱን አያገኘውም። በአንጻሩ 30 የነበረው ከ20 በታች ቢወርድ፣ በየከተማው ውስጥ ምንም ሳይለወጥ በሽታው ይከስማል።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ታክሲዎች በግማሽ እንዲጭኑ መደረጉ ይህን የከተሞች ትስስር የሚነካ ነበር፤ ለተሳፋሪው የታሪፍ ጭማሪ ከባድ ቢሆንም በሒሳቡ ረገድ እርምጃው ትክክለኛውን ቦታ የያዘ ነበር።

የሞዴሉ ዋና ፈተና መረጃ ነው። ታማሚ በመኖሪያ አድራሻው ብቻ ሲመዘገብ የተያዘበት የሥራ ቦታ ከሠንጠረዡ ይጠፋል፤ የከተማ አስተዳደሩና የክልሉ ሪፖርት ተለያይቶ ሲቀርብም በመካከላቸው ያለው መመላለስ አይታይም። የኩፍኝ ክትባት ዘመቻም በዳርቻውና በመሀል ከተማው በአንድ ጊዜ ካልተካሄደ፣ ዘግይቶ የሚከተበው ወገን በሌላው ሰፈር ላልተከተቡት ሕፃናት ኩፍኙን መልሶ ያደርሳል።