የኤፕወርዙ አሮጌ የቄስ ቤት

ኤፕወርዝ በእንግሊዝ አገር፣ በሊንከንሻየር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ድሮ ረግረግ ስለነበር አካባቢው ዛሬም «የአክስሆልም ደሴት» ይባላል። የከተማዋን ስም ያስጠራው ምሽግ ወይም ቤተ መንግሥት አይደለም። የደብሩ ቄስ ይኖርበት የነበረ የጡብ ቤት ነው። ሜቶዲስት የተባለው የፕሮቴስታንት ክርስትና እንቅስቃሴ መሥራች ጆን ዌስሊና መዝሙር ደራሲው ወንድሙ ቻርልስ ልጅነታቸውን ያሳለፉት እዚህ ነው። ቤቱ በእንግሊዝ የቅርስ መዝገብ አንደኛ ደረጃ አለው። ይህን ደረጃ ያገኙት ከተመዘገቡት ሕንፃዎች ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞሉም።

እውነት ለመናገር፣ ቤቱ ከውጭ ሲያዩት ያን ያህል አያስደምምም። የዚያ ዘመን የጡብ ቤት በእንግሊዝ ገጠር ሞልቷል። ክብደቱ ያለው ውስጡ በሆነው ነገር ላይ ነው።

አባትየው ቄስ ሳሙኤል ዌስሊ ወደ ኤፕወርዝ የመጡት በ1690ዎቹ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከሰዉ ጋር ግን አልተስማሙም። በ1620ዎቹ ንጉሡ ረግረጉን በሆላንዳዊ መሐንዲስ ሲያስደርቅ ነዋሪው የዓሣና የግጦሽ ቦታውን አጥቷል፤ ቂሙም ገና አልበረደም ነበር። ሳሙኤል ደግሞ በ1705ቱ ምርጫ ብዙው ሰው ያልወደደውን ወገን ደገፉ። በዚያው ዓመት በዕዳ ተይዘው ሊንከን ከተማ ታሰሩ። እሳቸው እስር ቤት ሳሉ የቤቱን ልጆች ወተት የሚያጠጡት ላሞች በስለት ተወጉ።

በፌብሩዋሪ 1709 አንድ ሌሊት ቤቱ ተቃጠለ። ያኔ በእንጨትና በልስን የተሠራ የሳር ክዳን ቤት ነበር። እናትየው ሱዛና እርጉዝ ነበሩ፤ በነበልባሉ መሃል አልፈው ወጡ። የአምስት ዓመቱ ጆን ግን ፎቅ ላይ ተረሳ። ልጁ መስኮቱ ጋ ያለ ሣጥን ላይ ወጥቶ ታየ። መሰላል ለማምጣት ጊዜ አልነበረም። አንድ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፣ ሌላው ትከሻው ላይ ወጥቶ ልጁን ሳበው። ወዲያው ጣሪያው ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ጆን ካደገ በኋላ ራሱን በነቢዩ ዘካርያስ ቃል «ከእሳት የተነጠቀ ትንታግ» ይል ነበር። ቤቱን ሰው ለኩሶት ነው የሚል ጥርጣሬ ነበር፣ አልተረጋገጠም። የአባትየው መጻሕፍትና ጽሑፎች አመድ ሆኑ። አሁን የምናየው ቤት ከቃጠሎው በኋላ 400 ፓውንድ ገደማ ወጥቶበት የተሠራው ነው። ለባለዕዳ ቄስ ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

በእኔ ግምት ከክፍሎቹ ሁሉ የሚበልጠው ማድ ቤቱ ነው። ሱዛና ከወለዷቸው 19 ልጆች ለአቅመ አዳም የደረሱት 10 ብቻ ናቸው። ልጆቹን ቤት ውስጥ የሚያስተምሩት ራሳቸው ነበሩ፤ በቀን ስድስት ሰዓት፣ ወንድ ሴት ሳይሉ። ከየልጁ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ለብቻ ያወራሉ። የጆን ተራ ሐሙስ ነበር። በ1711 መጨረሻ ባላቸው ለሥራ ለንደን ሲከርሙ ሱዛና እሑድ ማታ ለቤተሰቡ ስብከት ማንበብ ጀመሩ። ጎረቤት ሰምቶ መጣ፤ ቆየት ብሎ 200 ሰው ገደማ ይሰበሰብ ጀመር። ረዳት ቄሱ ተናደደና ለሳሙኤል ጻፈ። ባል «ይቅርብሽ» ቢሏቸው ሱዛና ምን መለሱ? ምኞትዎን አይንገሩኝ፣ ላቆም ከሆነ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ይስጡኝ አሉ፤ በፍርድ ቀን ተጠያቂው እርስዎ እንዲሆኑ ማለታቸው ነው። ትእዛዙ አልመጣም። በኋላ ሜቶዲስቶች በየቤቱ መሰብሰባቸውን ከዚህ ማድ ቤት ጋር የሚያያይዙ ብዙ ናቸው።

ጎብኚ የሚወደው ሌላው ክፍል ከጣሪያው ሥር ያለው ቆጥ ነው። በዲሴምበር 1716 እና በተከታዩ ወር ቤቱን ምንጩ ያልታወቀ ማንኳኳትና ማቃሰት አስጨነቀው። ልጆቹም «ሽማግሌው ጄፍሪ» ብለው ስም አወጡለት። ለንጉሥ ጆርጅ ሲጸለይ ይብስበት ነበር አሉ። የፖለቲካ አቋም ያለው መንፈስ መሆኑ ነው!

ቤቱ የቄስ መኖሪያ ሆኖ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቆየ። በ1954 የዓለም ሜቶዲስት ጉባኤ ገዛው፤ ታድሶም በ1957 ለሕዝብ ተከፈተ። ዛሬ ሙዚየም ነው። ጎብኚዎች ከዚያ ወጥተው ወደ ቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ የሳሙኤል መቃብር ያለው እዚያው ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። በ1742 ጆን ሊሰብክ መጥቶ ረዳት ቄሱ ሲከለክለው የአባቱ መቃብር ላይ ቆሞ ሰበከ። በነጋታውም ተመልሶ እዚያው ቆመ፤ እንዲያ እያለ ስምንት ምሽት አሳለፈ።