የአውሮፕላን ምዝገባ ምልክት ምንድን ነው?

የድሮ አውሮፕላን ፎቶ በተለጠፈ ቁጥር አንድ ሰው ጎኑ ላይ ያሉትን ፊደላት ያነብና "ያው አውሮፕላን ነው" ብሎ ይደመድማል። ሰሞኑን ደግሞ በዓመታት የሚራራቁ ሁለት ፎቶዎች፣ በራቸውም መስኮታቸውም ሳይመሳሰል፣ "ፊደሉ አንድ ነው፤ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?" ተብሎ ተጻፈባቸው። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የምዝገባ ምልክት ማለት ታርጋ ነው። ታርጋ ይፈታል፣ ይቀየራል፣ ለሌላ ይሰጣል። መኪና የሚገዛ ሰው ታርጋ አይቶ ብቻ ውል አይፈርምም፤ ሻንሲ ቁጥሩን ያያል። የአውሮፕላን ሻንሲ ቁጥር ደግሞ ፋብሪካው ሲሠራው የሰጠው ተከታታይ ቁጥር ነው። የ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት በአንቀጽ 18 አንድ አውሮፕላን በአንድ ጊዜ በሁለት አገር ሊመዘገብ እንደማይችል፣ ምዝገባው ግን ከአገር ወደ አገር ሊዛወር እንደሚችል ይደነግጋል። ምልክቱ ሊቀየር እንደሚችል ሕጉም ያውቃል ማለት ነው።

የራሳችንን እንይ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ የጀመረው በሲ-47 አውሮፕላኖች፣ ማለትም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በነበሩ አሜሪካ ሠራሽ ወታደራዊ ማጓጓዣዎች ነው። በዚያ ዘመን ምልክቱ ኢቲ-ቲ ተብሎ ቁጥር ይከተለው ነበር፤ በኋላ ኢቲ-ኤ ብሎ የሚጀምር የፊደል ምልክት መጣ። ስለዚህ የቀድሞውንና የኋላውን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ፣ ምልክታቸው ስለተለያየ ብቻ ሁለት አውሮፕላን ናቸው ማለትም ያው ስሕተት ነው፤ የተገለበጠ ብቻ።

ቁጥሩን መከተል ምን እንደሚያተርፍ የሚያሳየው "ዛትስ ኦል፣ ብራዘር" የተባለው ሲ-47 ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1944 የተባበሩት ኃይሎች በናዚ ጀርመን የተያዘችውን ፈረንሳይ ነጻ ለማውጣት ሲዘምቱ፣ ወደ ኖርማንዲ የሄደውን ዋናውን የፓራሹተኞች ጓድ የመራው እሱ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ለሲቪል ተሸጠ፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ቀለሙም ምልክቱም ተለወጠ። በ2015 ሲገኝ በዊስኮንሲን ኦሽኮሽ ቆሞ፣ ሞተሩ ወደ ተርባይን ሊቀየር ተራ ይጠብቅ ነበር። ያዳነው 42-92847 የሚለው ቁጥር ነው። በ2019 እንደገና ወደ ኖርማንዲ በረረ። ጎኑ ላይ ያለውን ብቻ የሚያነብ ሰው በአጠገቡ አልፎት ይሄድ ነበር።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው አለ፦ 42-92847 የጦር ኃይሉ የሰጠው መለያ እንጂ የፋብሪካው ቁጥር አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርገው የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። በኦክላሆማ ሲቲ የተሠሩ አንዳንድ ሲ-47ዎች ደግሞ ሁለት የፋብሪካ ቁጥር ስላላቸው ሁለቱንም መጻፍ ይሻላል።

ቀለምም ያታልላል። አሜሪካዊው አብራሪ ሊንድበርግ በ1927 አትላንቲክን የተሻገረበት አውሮፕላን ኤን-ኤክስ-211 የሚል ምልክት ነበረው፤ እሱ ዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ ተሰቅሏል። ይኸው ምልክት የተቀባባቸው ቅጂዎች ግን በየቦታው አሉ።

"እንግዲያው የፋብሪካ ቁጥሩን ካየን አለቀ" የሚለኝ አይጠፋም። አላለቀም። መኪናም ሻንሲው ተቆርጦ ከሌላ ጋር ይበየዳል። ዛሬ ከሚበሩት ስፒትፋየሮች (የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች) መካከል ከጥንቱ አካል ጥቂት ብቻ የቀራቸው አሉ፤ አብዛኛው አዲስ ብረት ሆኖ ማንነቱ ግን የድሮው ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ማጭበርበር አልለውም፤ ነገር ግን ከፎቶው ሥር ያልተቋረጠ የአንድ አካል ታሪክ እንዳለው አድርጎ መጻፍ አይገባም። ምልክቱን ስትጽፉ ፎቶው የተነሣበትን ቦታና ዓመት ጨምሩበት፤ የፋብሪካ ቁጥሩን ካላወቃችሁ ቦታውን ባዶ ተዉት፣ በግምት አትሙሉት።