"1.2 ሜትር ብቻ ነው" ብላችሁ ወደ ሪፉ አትግቡ፦ በሞገድ ትንበያ ላይ ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰሞኑን ስልኬ አላርፍ ብሏል። የሚጠይቁኝ ሁሉ አንድ ነገር ነው። "የቅዳሜው ትንበያ 1.2 ሜትር ይላል። ነፋስ የለም፣ ፀሐይ ነው። ሪፉ ላይ ሰርፍ ለመጀመር አይመችም ወይ?" (ሰርፍ ማለት በቦርድ ሞገድ ላይ መንሸራተት ነው፤ ሪፍ ደግሞ ከውሃው ሥር ያለ የዐለትና የኮራል ወለል ነው።) አንዱማ "ለልጆች የሚሆን ቀን ነው" ብሎ ጽፎልኛል።

አይደለም። ለልጆች የሚሆን ቀን አይደለም። ሁሉም 1.2 የሚለውን አይቶ ከጎኑ የተጻፈውን 17 ሰከንድ አላየውም።

ይህንን ጥያቄ ለዓመታት አንድ በአንድ ስመልስ ኖሬያለሁ። ደከመኝ። አሁን በጽሑፍ ላስቀምጠው። ሌሎች የምሰማቸውን ስህተቶችም አብሬ አነሳለሁ፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ይሄኛው ነው።

"ትንበያው 1.2 ሜትር ካለ ሞገዱ 1.2 ሜትር ነው"

መጀመሪያ ቁጥሩ ምን እንደሆነ እንወቅ። ትንበያ ላይ የሚወጣው ከፍታ የአንድ ሞገድ ቁመት አይደለም። ካሉት ሞገዶች ትልልቆቹ አንድ ሦስተኛዎቹ ተወስደው፣ የእነሱ አማካይ ነው። አማካይ ከሆነ ደግሞ ከእሱ የሚበልጥ አለ ማለት ነው። ውሃው ላይ ጥቂት ሰዓት ከቆያችሁ የዚያን ቁጥር እጥፍ የሚጠጋ ሞገድ ሊመጣባችሁ ይችላል። ሲመጣ "ያልተጠበቀ ሞገድ" ይሉታል። የሚጠበቅ ነበር።

ደግሞም ቁጥሩ የተሰላው ለጥልቁ ባሕር እንጂ ለሪፉ አይደለም። ሞገዱ ዐለቱ ጋ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚያድግ ለማወቅ ሰከንዱን ማየት የግድ ነው። ሰከንዱ ማለት አንድ የሞገድ ጫፍ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪመጣ የሚወስደው ጊዜ ነው። 7 ሰከንድ ከሆነ እዚሁ አቅራቢያ ያለ ነፋስ የቀሰቀሰው ነው። 17 ሰከንድ ከሆነ ግን በጣም ሩቅ ቦታ ትልቅ ወጀብ የወለደው ነው። ሰርፈሮች ስዌል የሚሉት ይህንን ከሩቅ የመጣ ሞገድ ነው።

ልዩነቱን እዩት። የ7 ሰከንድ ሞገድ በጥልቅ ውሃ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 76 ሜትር ገደማ ነው። የ17 ሰከንዱ 450 ሜትር ይደርሳል። ሞገድ የባሕሩ ወለል የሚሰማው ጥልቀቱ የርዝመቱን ግማሽ ያህል ሲሆን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወለሉን የሚያገኘው 38 ሜትር ላይ ሲሆን፣ ሁለተኛው 225 ሜትር ላይ ነው። ከላይ የምናየው ቆዳውን ብቻ ነው። ከሥሩ እስከዚያ ጥልቀት ድረስ አብሮ የሚንቀሳቀስ ውሃ አለ።

ወለሉ ሲነካው ሞገዱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከኋላ የሚመጣው ኃይል መሄጃ ስለሚያጣ ወደ ላይ ይቆለላል። በዚህ የተነሣ ያው 1.2 ሜትር በ7 ሰከንድ ሲመጣ 1.5 ሜትር ገደማ ሆኖ ይሰበራል፤ በ17 ሰከንድ ሲመጣ ግን ከ2 ሜትር በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ገና አማካዩ ነው። ሰከንዱ የረዘመ ሞገድ ደግሞ ወለሉን ቀድሞ ስለሚያገኘው በቀላሉ ይታጠፋል። የሪፉ ቅርጽ ከሁለት አቅጣጫ ወደ አንድ ነጥብ ካጠፈው፣ እዚያ ነጥብ ላይ ቁመቱ ከተባለው ሁሉ ያልፋል።

አሸዋማ ባሕር ዳርቻ የለመደ ሰው ይህንን ለመቀበል ይቸገራል። እረዳዋለሁ። አሸዋው ቀስ እያለ ነው ወደ ላይ የሚወጣው፤ ሞገዱም ጉልበቱን ቀስ በቀስ ይጥላል። ሪፍ ላይ እንደዚያ የለም። ጥልቁ በድንገት ያልቅና ዐለትና ኮራል ይጀምራል። ሞገዱ ለመድከም ጊዜ አያገኝም። ቀጥ ብሎ ይቆምና ጫፉን ወደ ፊት ይወረውራል። የታሂቲውን ቴአሁፖ ያየ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ የሰርፊንግ ውድድር እዚያ ሲደረግ፣ ሰዉ የተደነቀው በሞገዱ ቁመት ብቻ አልነበረም። ውፍረቱና ከሥሩ ያለው ውሃ ማነሱም ነበር። እዚያ እንኳ የዓለም ምርጦች ለውድድር ተሰልፈው ሳለ፣ ባሕሩ አልመች ሲል ቀናት አልፈው ነው የተወዳደሩት።

አሁን ወደ "ሄጄ አይቼዋለሁ፣ የተኛ ነው" የሚለው እንምጣ። ስዌል በሰልፍ ነው የሚመጣው። አራት አምስት ትልልቅ ሞገዶች ተከታትለው ይመጣሉ። ከዚያ ዝም ይላል። ሰከንዱ የረዘመ ቀን ላይ ዝምታው 15 ወይም 20 ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። አንድ ሰው ከመኪናው ወርዶ 5 ደቂቃ አይቶ "ዛሬ ሐይቅ ነው" የሚለው በዚህ መሀል ነው።

አንድ ልጅ እንዲህ ሆኖብኛል። ጠዋት ደውሎ "ጋሼ፣ አንድ ሜትር ከአስር ነው የሚለው፣ ምኑ ያስፈራል?" አለኝ። "አንተ ልጅ፣ ሰከንዱን እየው፣ እኔ እስክመጣ ጠብቀኝ" አልኩት። አልጠበቀኝም። ስደርስ ውሃው ላይ ነበር። ባሕሩ መስታወት ሆኖ ተኝቷል። እሱም ሞገድ የለም ብሎ ወደ ዐለቱ ተጠግቶ፣ ትልቁ ሞገድ የሚሰበርበት ቦታ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ሰዓቴን አየሁ። 18 ደቂቃ ምንም የለም። ከዚያ አድማሱ ጠቆረ። የመጀመሪያውን ለጥቂት አለፈው። ሁለተኛው ራሱ ላይ ተሰበረ። ሦስተኛውና አራተኛው ገና ሳይተነፍስ ደረሱ። ቦርዱ ለሁለት ተሰበረ፣ ጀርባው በኮራል ተገፈፈ። በሕይወት ወጣ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ቀን በኋላ "1.1 ብቻ ነው" የሚል ሰው ስሰማ የዚያ ልጅ ጀርባ ነው ፊቴ የሚመጣው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ከመግባታችሁ በፊት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆማችሁ ሠላሳ ደቂቃ እዩ። ስልክ አትነካኩ። ትልቁ ሰልፍ የት ላይ እንደሚሰበር፣ ስንት ሞገድ እንዳለው፣ ዝምታው ስንት ደቂቃ እንደሆነ ያዙ። ሰዎች በየት ገብተው በየት እንደሚወጡ ተመልከቱ። ከዐለቱ አጠገብ ሞገድ የማይሰበርበት ጠለቅ ያለ መተላለፊያ አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ መግቢያችሁ እሱ ነው። ስትወድቁ በጭንቅላት አትግቡ። ሰውነታችሁን ዘርግታችሁ በጠፍጣፋው ውደቁ፣ ጭንቅላታችሁን በሁለት ክንዳችሁ ሸፍኑ፣ ወለሉ ቅርብ ነው ብላችሁ አስቡ፣ በእግራችሁ ለመቆም አትሞክሩ። ስትወጡም ክንዳችሁ ከፊት ይቅደም፤ ቦርዱ ከላይ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ብቻችሁን አትግቡ። አንድ ሰው እንኳ ከዳር ሆኖ ይያችሁ።

"እዚህ ወጀብ ከሌለ ሞገድ የለም"

እ.ኤ.አ. በ1963 ዋልተር መንክ የተባለ የባሕር ሳይንቲስት ከባልደረቦቹ ጋር ከኒውዚላንድ እስከ አላስካ መለኪያ አስቀምጦ ነበር። በደቡቡ ውቅያኖስ ወጀብ የተነሡ ሞገዶች ፓስፊክን ሙሉ አቋርጠው ሰሜን ድረስ ሲደርሱ ተከታትሏል። ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። የወለዳቸው ወጀብ ከሞተ ቀናት አልፈዋል፣ እነሱ ግን እየሄዱ ናቸው። እናንተ ጋ ያለው ፀሐይ ለሞገዱ ምኑም አይደለም።

ሰከንዱ የረዘመው ደግሞ ይፈጥናል። የ17 ሰከንድ ስዌል በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ወጀቡ 4,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ ሦስት ቀን ተኩል ይፈጅበታል። የ12 ሰከንዱ ወደ አምስት ቀን ነው። በዚህ ምክንያት ቀድሞ የሚደርሰው ቁመቱ ትንሽ፣ ሰከንዱ ረጅም የሆነው ነው። ሐሙስ ማታ ትንበያው ላይ ግማሽ ሜትር ከ20 ሰከንድ ጋር ካያችሁ አትናቁት። መልእክተኛው እሱ ነው፤ ዋናው ከኋላ እየመጣ ነው።

አጫጭሮቹን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ልጨርስ።

"ሰባተኛው ሞገድ ነው ትልቁ።" እንደዚህ የሚባል ሕግ የለም። ቁጠሩና እዩት።

"የሰሜን ነፋስ ወደ ሰሜን ይነፍሳል።" ከሰሜን ይመጣል። ስዌሉም ትንበያ ላይ የሚጻፈው በመጣበት አቅጣጫ ነው። የባሕር ጅረት ብቻ ነው በሚሄድበት አቅጣጫ የሚጠራው።

"ወደ ውጭ የሚስበው ውሃ ሰውን ወደ ታች ያሰምጣል።" ወደ ታች አይጎትትም፤ ከዳር ያርቃል። ሰው የሚሰምጠው ፊት ለፊት ሲታገለው ደክሞ ነው። ቦርዳችሁን አትልቀቁ፣ ወደ ጎን ቅዘፉ።

"ዝናብ ባሕሩን ያስተኛዋል።" የላይኛውን ጥቃቅን ሞገድ ሊያለሰልስ ይችላል። ስዌሉን አይነካውም። ከከባድ ዝናብ በኋላ ግን ጎርፍ የሚያመጣው ቆሻሻ አለ፤ ውሃው ደፍርሶ ካያችሁ አትግቡ።

"የኮራል ቁስል ላይ ሎሚ ጭመቁበት።" ያቃጥላል እንጂ አያጸዳም። ብዙ ንጹሕ ውሃ አፍስሱበት፣ የቀሩትን ስብርባሪዎች አውጡ። ቀልቶ ካበጠ ወይም ትኩሳት ካመጣ ሐኪም ይየው።

"ውሃው ሲሞላ ደኅና ነው፣ ሲጎድል ሞገዱ ያንሳል"

ይሄኛው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። ባሕሩ በየቀኑ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ ይሞላል፣ ይጎድላል የምንለው ይህንን ነው። ውሃው ሲሞላ በእናንተና በዐለቱ መካከል ተጨማሪ ውሃ ይኖራል። ጥሩ ነው። ሲጎድል ግን የሚመጣው ስዌል ያው ነው፣ የሚሰበርበት ውሃ ነው ያነሰው። ሞገዱ ትንሽ ቢመስል እንኳ ወለሉ ቀርቧል። በትልቅ ቀን ደግሞ በሞገዱ እየተገፋ ሪፉን ተሻግሮ የሚገባው ውሃ መውጫ ይፈልጋል። የሚወጣው በዚያው እናንተ በምትገቡበት መተላለፊያ ነው። ባሕሩ እየሞላ እያለም ቢሆን ወደ ውጭ የሚፈሰው ውሃ ሊበረታ ይችላል። ሙላቱ መጉደል ሲጀምር ደግሞ ሞገዱ ያስገባው ውሃና የሚጎድለው ባሕር አብረው ወደ ውጭ ይፈስሳሉ።

የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዡም የጨረቃንና የፀሐይን ስበት ነው የሚያሰላው። የአየር ግፊትን አያውቅም። ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሲጨምር ባሕሩ በ1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። እንደ ቅዳሜው ባለ ከፍተኛ ግፊት ያለበት ጥርት ያለ ቀን፣ ሰንጠረዡ ካለው በታች 20 ሴንቲ ሜትር ሊጎድል ይችላል። አሸዋ ላይ ማንም አያስተውለውም። ሪፍ ላይ የክርናችሁን ቆዳ የሚወስን ልዩነት ነው።

"ከየብስ የሚነፍስ ነፋስ ሁሌም ጥሩ ነው"

ለስለስ ያለ ከሆነ አዎ። የሞገዱን ፊት ያስተካክለዋል፣ ሳይሰበር ትንሽ ያቆየዋል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሆን ግን የውሃ ብናኝ ዓይን ይጋርዳል፣ ቦርዱን ከሥር አንስቶ ወደ ኋላ ይጥላል። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ የደከመው ሰው ነው። ወደ ዳር ሲቀዝፍ ፊት ለፊት የሚገፋው ያው የወደደው ነፋስ ነው።

ደግሞ ጠዋት ያያችሁት ነፋስ ከሰዓት በኋላ ይቆያል ብላችሁ አታስቡ። የብሱ ሲሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይነሣል፣ ቦታውን ለመሙላት ከባሕር ነፋስ ይመጣል። ጥርት ያለ ፀሐያማ ቀን ላይ ይህ በየቀኑ ሊሆን ይችላል።

"የአሥር ቀን ትንበያ ስላለ የጉዞ ቀኔን ቆርጫለሁ"

በአሥረኛው ቀን የሚመጣውን ሞገድ የሚፈጥረው ወጀብ ብዙ ጊዜ ገና አልተፈጠረም። ትንበያውን የሚያሰላው የኮምፒውተር ሞዴል ወጀቡ ይፈጠራል ብሎ ገምቶ፣ በዚያ ግምት ላይ ሞገዱን ይገምታል። ሞገዱ አንዴ ተወልዶ ጉዞ ከጀመረ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ተንሳፋፊ መለኪያዎች ሲያልፍ ይለኩታል፣ ፍጥነቱም ይታወቃል። ስለዚህ ከሦስት አራት ቀን ወዲህ ያለውን ስዌል አምናለሁ። የአካባቢውን ነፋስ የማምነው ደግሞ በዋዜማው ነው።

የቅዳሜው እንግዲህ እንዲህ ነው። ስዌሉ ተወልዷል፣ እየመጣ ነው። 1.2 ሜትር፣ 17 ሰከንድ። ጨረቃዋ ሙሉ ስለሆነች ጉድለቱ ትልቅ ነው፤ ዝቅተኛው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይሆናል። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ የባሕር ነፋስ ይነሣል። ሪፉን ለሚያውቁ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ በጣም ጥሩ ይሆናል። ለጀማሪ ቅዳሜ የለም፤ ማክሰኞ ሰከንዱ ወደ 9 ይወርዳል፣ ያኔ ደውሉልኝ። ቅዳሜ ለማየት ብቻ የምትመጡ ግን ኑ። ከላይ ዐለቱ ላይ ሰዓት ይዤ እቆማለሁ፣ ሰልፉን አብረን እንቆጥራለን።