ዩዘር ማፒንግ ምንድን ነው?

ጠዋት ቢሮ ገብታችሁ ኮምፒውተራችሁን በዩዘርኔምና በፓስወርድ ትከፍታላችሁ። ማንነታችሁን የሚያረጋግጠው የመሥሪያ ቤቱ ማውጫ፣ ማለትም የሁሉም ሠራተኛ ሎጊን የተያዘበት መዝገብ ነው፤ ብዙ ቦታ የማይክሮሶፍቱ አክቲቭ ዳይሬክተሪ። የሒሳብ ሶፍትዌሩ ደግሞ የራሱ የተጠቃሚዎች መዝገብ አለው። ማን ደረሰኝ ይቁረጥ፣ ማን ክፍያ ያጽድቅ የሚለው የተጻፈው እዚያ ነው። «ይሄ ሎጊን የዚያ አካውንት ባለቤት ነው» ብሎ ሁለቱን ማገናኘት ዩዘር ማፒንግ ይባላል።

ከተገናኙ በኋላ ፓስወርዱን የሚያጣራው ማውጫው ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ ብዙውን ጊዜ ኤልዳፕ በሚባለው መንገድ ይጠይቀዋል። ማውጫው «አዎ፣ እሱ ነው» ካለ፣ ምን መሥራት እንደሚችል ሶፍትዌሩ ከራሱ መዝገብ ያያል።

ጣጣው በምን እናዛምድ የሚለው ላይ ነው።

በስም? እኛ ጋ አይሆንም። ስምና የአባት ስም ብቻ ከተያዘ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት አበበ ከበደ አይጠፋም። (የአያት ስም በየፎርሙ የምንጠየቀው ወደን ነው?) የላቲን ፊደሉም አለ። የፀሐይን ስም መጨረሻ ኤችአር በ«ዋይ» ይጽፈዋል፣ አይቲው በ«አይ»። ለእኛ አንዲት ፀሐይ ናት፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሴቶች። በዚያ ላይ የአክቲቭ ዳይሬክተሪ የድሮው ዓይነት ዩዘርኔም ከ20 ፊደል አያልፍም። ወልደገብርኤል ኃይለማርያም ሙሉ ስሙን ይዞ አይገባም።

ዩዘርኔምና ኢሜይል ይሻላሉ፤ ግን ለሌላ ሰው ሊሰጡ ይችላሉ። አደገኛው ይሄ ነው። የፋይናንስ ኃላፊው ለቀቀ እንበል። ሎጊኑ ከማውጫው ተሰረዘ፤ ሶፍትዌሩ ላይ ያለውን አካውንት ግን ማንም አላስታወሰውም። ከስድስት ወር በኋላ ሞክሼው ተቀጠረና ያው ዩዘርኔም ተሰጠው። አዲሱ ሰውዬ በመጀመሪያ ቀኑ ክፍያ ማጽደቅ ይችላል። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አላወቀም።

ስለዚህ ማሰሪያው የማይለወጥ ቁጥር መሆን አለበት። አክቲቭ ዳይሬክተሪ ለእያንዳንዱ አካውንት ጂዩአይዲ የሚባል ባለ 128 ቢት መለያ ይሰጣል። ስም ቢታረም፣ የሥራ ክፍል ቢቀየር ቁጥሩ ያው ነው። አካውንቱ ተሰርዞ በዚያው ስም ሌላ ቢከፈት ግን አዲስ ቁጥር ይወጣለታል፤ ሞክሼው በር ላይ ይቀራል። የማይክሮሶፍት ክላውድም ሁለቱን ይለያል፦ በቋሚ መለያ ሲገጥም «ሃርድ ማች»፣ በኢሜይል ሲገጥም «ሶፍት ማች» ይለዋል።

የመጀመሪያው ዙር የእጅ ሥራ አለበት። ሁለቱን ዝርዝር ኤክሴል ላይ ጎን ለጎን አድርጉ። በኢሜይል የገጠሙትን አጣርታችሁ ጂዩአይዲያቸውን መዝግቡ። የቀሩትን ይዛችሁ ኤችአር ጋ ሂዱና አንድ በአንድ ጠይቁ። የሶፍትዌሩን አንድ የአድሚን አካውንት ከማውጫው ጋር አታስሩት፤ ማውጫው የወደቀ ቀን የሚያስገባችሁ እሱ ነው። ባለቤት ያልተገኘለትን ደግሞ ዝጉት እንጂ አትሰርዙት፤ አምና የተቆረጠው ደረሰኝ ላይ ስሙ አለ።