የሕፃናት ትምህርት በጎንደር፦ ከየኔታ እስከ አፀደ ሕፃናት

ጎንደር ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. መናገሻ ካደረጓት ወዲህ የሊቃውንት ከተማ ናት። አቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዝማሜና የሽብሸባ ትምህርት፣ የተማረ ሁሉ ለምስክርነት የከተማዋን የበአታ ደብር ይመኛል። የዚህ ሁሉ ሊቅ መነሻ ግን በየደብሩ ቅጥር ጥግ የተዘረጋው የቄስ ትምህርት ቤት ነው።

ሕፃኑ በአራት ዓመቱ ገደማ ከየኔታ ፊት ይቀመጣል። መጀመሪያ ሀሁ ነው፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ድምፅ ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ልጁ በስንደዶ እየጠቆመ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይላቸዋል። ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል፤ የአባቶች ብልሃት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሀሁን በዜማ የሸመደደ ልጅ ዓይኑ ሌላ ቦታ ሆኖ አፉ ሊቀጥል ይችላል። አቡጊዳ ግን «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ ከፊደል ፊደል፣ ከድምፅ ድምፅ ስለሚዘል የለመደውን ሰልፍ ያፈርስበታል። ፊደሉን በመልኩ ያልለየ ልጅ እዚህ ይያዛል። ከዚያ የዮሐንስ መልእክት የሚነበብበት ፊደለ ሐዋርያ ይከተላል፤ ንባቡም ቁጥር፣ ግዕዝ፣ ውርድና ቁም በሚባሉት የንባብ ስልቶች በየተራ እያደገ 150ው መዝሙረ ዳዊት ይደርሳል። የቀደመው ልጅ ተከታዩን ያስቀጽላል።

ይህ ትምህርት ሽምደዳ ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ አቡጊዳን ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ስለ አለንጋው የሚነገረው ይለያያል፤ እንደየመምህሩ ጠባይ ሳይሆን አይቀርም።

በአዲስ ዓለም ሰፈር ሙስሊም ሕፃናት በቁርኣን ትምህርት ቤት አሊፍ፣ ባ ብለው ይጀምራሉ።

ዘመናዊው አፀደ ሕፃናት የመጣው ዘግይቶ ነው። በአገሪቱ መጀመሪያ የታየው በድሬዳዋ፣ ለምድር ባቡር ሠራተኞች ልጆች እንደሆነ ይነገራል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ላሉት ስፍራ ሰጠ፤ ሥራው ግን በአብዛኛው በግልና በሃይማኖት ተቋማት እጅ ቆየ። በኋላ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚገባበት ዜሮ ክፍል ተከፈተ።

ጥሩ የጎንደር መምህርት የየኔታን ብልሃት ሳትጥል ጨዋታ ታክልበታለች። ቁጥር በቆርኪ ነው፤ ልጁ አምስት ከደረደረ በኋላ ሁለቱን በመዳፏ ሸፍና «ስንት ጎደለ?» ትላለች። ቢዘገይም አትነግረውም፤ መዳፏን ገልጣ ራሱ እንዲቆጥር ትተወዋለች። ከካርቶን የቆረጠቻቸውን ፊደላት መሬት ላይ በትና «የስምህን መነሻ አምጣልኝ» ስትል አቡጊዳ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው።

ከመሄጃ ሰዓት በፊት እንቆቅልሽ ይደረጋል። «እንቆቅልህ!» ትላለች አንዷ፤ «ምን አውቅልሽ!» ይላል ጓደኛዋ። መልሱ ከጠፋበት አገር መስጠት አለበት። አዘዞን ይሰጣል፤ አትቀበልም። ደምቢያን ይሰጣል፣ ወገራን ይጨምራል፤ አሁንም ራሷን ትነቀንቃለች። ጎንደርን የሚሰጣት ሌላ አገር ሲያልቅበት ብቻ ነው።